ሳር ገሽልጦ መልሶ የረገጠ ሰው

ባለጌ ሰው ሰፈር ሲያምስ አይቻለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት እሱን ነው። ጨዋ ሰው በጨዋነቱ ብቻ ሰፈር ሙሉ ሰው በሆዱ ሲያስተኛ ግን ያየሁት አንዴ ነው፤ የማጫውታችሁም እሱን ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፣ ግማሹን በግድ፣ ግማሹን በእልህ። እና ያለቦታዋ የተቀመጠች ነጥብ ካገኛችሁ፣ ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደምትለቅሙ ለቅማችሁ ጣሏትና ንባቡን ቀጥሉ። እኔን ፈልጎ መጥቶ ማረም አይቻልም፤ አልታረምም።

ሰፈራችን ከመርሳ ወጣ ብሎ ግራና ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ወንዙ ዳር አንዲት መስክ አለችን። መስኳ የሁላችን ናት፣ ጠባቂዋ ግን እኔ ነኝ። ማን ሾመህ ብትሉኝ ማንም አልሾመኝም፤ ሌላው ሰው ስለሰለቸው ነው። ሕጉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከእርሻ በሬ በቀር ከብት አይገባባትም። በሬውም ቢሆን ታስሮ ነው፣ ችካሉም በየቀኑ ቦታ ይቀይራል። ዝናብ ባረጠባት ቀን ማንም አይረግጣትም፣ ለግድግዳ ጭቃ ብሎም ማንም አይቆፍራትም። ሳር እንደ ሰው ራስ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ከቧጠጡት ይመለጣል፣ ከተመለጠ በኋላ ቅቤ ቢቀቡት አይበቅልም። ይህንን ስናገር ሰዎች የኔን ራስ ያያሉ። ይዩ።

በሬዬ ቦራ ይባላል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው። ጦርነቱ በኛ በኩል ባለፈ ጊዜ የሰፈሩ ከብት አለቀ ማለት ይቻላል። ማን በላው የሚለውን ለሌላ ጸሐፊ ትቼዋለሁ፤ እኔ የማውቀው አጥንቱን ነው። ቦራ የተረፈው በኔ ብልሃት ነው እያልኩ በየሰርጉና በየለቅሶው አውርቻለሁ። ብልሃቱ እንዲህ ነበር። ማሽላው ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኖ ስለነበር መሃሉ አስገብቼ ደበቅኩት። በሬው ምን አደረገ? የተደበቀበትን ይበላ ጀመር። ወደ ውስጥ እስበዋለሁ፣ ይበላዋል። ሌላ ጥግ እወስደዋለሁ፣ ያንንም ይበላዋል። እኔ ስደብቀው እሱ ራሱን ሲገልጥ ከርመን፣ ሊጋለጥ ትንሽ ሲቀረው ጦሩ ቀድሞ ሄደ። አልሐምዱሊላህ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ የኔ ብልሃት ተባለ።

ማዶ ያለው ጎረቤቴ ደምሴም ከጥማድ በሬው አንዱ ተወስዶበት ዳልቻ የሚባለው ብቻ ቀርቶታል። የኔ አንድ፣ የሱ አንድ። እንግዲህ አንድ በሬ ብቻውን አርሶ አያውቅም፤ ስለዚህ ተቀናጀን፤ በአንድ ቀንበር፣ በተራ፣ አንድ ቀን የሱን መሬት፣ አንድ ቀን የኔን። በልጉ ደርሷል። መኸሩን ጦርነቱ በልቶታል። በልጉን ካላረስን ሁለት ቤት ሙሉ ሰው ዓይን ለዓይን ከመተያየት በቀር የሚበላው የለም። ቦራ ከጠፋ ደግሞ ዳልቻ ጌጥ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ የሆዴ ጭንቅ ሁሉ እሷ ነበረች።

በዚያ ሰሞን ቀበሌው በድምፅ ማጉያ እየዞረ ያስጠነቅቅ ነበር። «የማታውቁትን ብረት አትንኩ! አፈሩ አዲስ የተነሳ፣ ሳሩ ተገሽልጦ የተመለሰ ቦታ ካያችሁ አትርገጡ! ፈንጂ ሊሆን ይችላል! አመልክቱ!» የሰው ሁሉ ዓይን መሬት ላይ ተተከለ። ሰላም ስንባባል እንኳ የምናየው እግር እግራችንን ነው። ፍልፈል ያወጣችውን አፈር ፈርተን ስንት ቀን በዙሪያ መንገድ ሄደናል! እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኛ ደግሞ ልጡንም ፈርተን ገመዱንም ፈርተን፣ የቀረን የሱሪያችንን መታጠቂያ መፍራት ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል ቦራን ይዤ መስኩ ገባሁ። ችካሌን ተከልኩ። የኔ ችካል የታወቀ ነው፤ በድንጋይ አናቱን ስቀጠቅጠው ማዶ ያለ ሰው «አያ በሬያቸውን አሰሩ» ይላል። ቀጥቅጬ ስጨርስ መፋቂያዬን አፌ ውስጥ አድርጌ፣ መዳፌን ሳሩ ላይ ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ሳሩ ከመዳፌ ሥር እንደ ቆብ ተንሸራተተ።

አየሁት። መዳፍ የሚያክል ሳር ከነሥሩ ተገሽልጦ ወጥቶ፣ በልኩ ተመልሶ፣ በጫማ ተረግጧል። ዓይኔን አሻግሬ ብመለከት ከሱ አጠገብ ሌላ አለ፣ ከሌላው አጠገብ ሌላ። ቀጥ ያለ ተራ! ከኋላው ደግሞ ሌላ ተራ! የግራና ሰው ሽንኩርት እንዲህ አስተካክሎ አይተክልም። እኔ መሃሉ ተቀምጫለሁ፣ ቦራ መሃሉ ቆሟል፣ ችካሉን ደግሞ ቅድም በድንጋይ ስደበድብ የነበርኩት ሰውዬ እኔው ነኝ!

ብድግ አልኩ። ስነሳ አንዱን እግሬን ብቻ አሳረፍኩት፤ ሁለተኛውን የት ላድርገው? እንደ ውሃ ዳር ወፍ በአንድ እግሬ ቀረሁ። ልጮህ ብል ድምፄ የለም፤ መፋቂያው አፌ ውስጥ ነው፤ እንዳልተፋው ደግሞ ወድቆ እንዳያፈነዳው ፈራሁ።

ደምሴ የቦራን አንገት ሊለካበት ቀንበር ተሸክሞ ብቅ አለ።

«አያ፣ እንደምን አደሩ? ምነው በአንድ እግር?»

መፋቂያውን ወደ ጉንጬ ሸጉጬ፣ «ባለህበት ቁም!» አልኩት።

«ቆምኩ። አንቱ ግን ምን ሆነው ነው?»

«ፈንጂ!»

ቀንበሩ ከትከሻው ወረደ። እሱም ከቀንበሩ ጋር ወረደ። መሬት ላይ ሆኖ፣ «እንዴት ገቡበት ታዲያ?» አለኝ።

«በእግሬ!»

«በገቡበት ይውጡ!»

«የገባሁበትን ባውቀውማ!»

«ጤዛው ላይ ዱካዎ ይታያል እኮ። ዱካዎን እየረገጡ ወደ ኋላ ይምጡ።»

እኔ ወደ ኋላ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ይህን ነገርኩት። «እንግዲያው እዚያው ይደሩ» አለኝ። ጥቂት ካሰብኩ በኋላ ፊቴን አዙሬ ወደ ፊት መሄድ ወደ ኋላ መሄድ አይደለም ብዬ ወሰንኩ። በአንድ እግሬ ስዞር አንደኛው ኮንጎ ጫማዬ ወልቆ ቀረ፤ ትቼው ዱካ ዱካዬን እየረገጥኩ፣ ያ ረቢ ያ ረቢ እያልኩ ወጣሁ። ከደምሴ አጠገብ ስደርስ እንደ ጥጥ ወደቅኩ።

ደምሴ «ፈንጂ!» ብሎ ሲጮህ ሰምቶ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ከፊት የልጆቼ እናት ዘሐራ ነበረች። እየሮጠች ደረሰችና፣ «አንቱ፣ በሬውስ?» አለችኝ።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቱማ ይኸው እያወሩ ነው።»

ቦራ ጭንቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ይግጣል። አንዴ ነጨት አድርጎ ወደ ተራው ጠጋ ይላል፤ እኛ ትንፋሻችንን እንውጣለን። ደሞ ነጨት፣ ደሞ ጠጋ። ዘሐራ ጨው ይዛ መጥታ በሩቁ ታሳየዋለች። ደምሴ ዳልቻን አምጥቶ ባልንጀራውን አይቶ ይምጣ ይላል። እኔም «ቦራዬ፣ ና! ና የኔ ጌታ!» እያልኩ እጣራለሁ። ራሴ በችካል ያሰርኩትን በሬ ራሴ ና እያልኩ! ገመዱን የማስብበት ልብ የት አለና?

በሬው ግን ጨዋ በሬ ነው፤ ሲጠሩት አቤት ይላል። ጨዉን አየ፣ ወደኛ ተነሳ፣ ገመዱ ያዘው። በቀጥታ ካልሆነ በዙሪያ ልሞክር ብሎ ችካሉን ይዞር ጀመር። ዞሮ ዞሮ አራት እግሩን አንደኛው ተራ ላይ አሳረፈው!

ሰፈሩ በሙሉ በሆዱ ተኛ። እኔ ፊቴን ከአፈር ጋር አጣብቄ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። የሚሰማው የቦራ ማኘክ ብቻ ነው።

ደምሴ አንገቱን ቀና አደረገና፣ «አያ፣ አልፈነዳም እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«የመኪና ነው» አልኩት። «የታንክ ነው። በሬ አይቆጥርም።»

«በሬ ካልቆጠረ አንቱን ይቆጥራል?»

እኔ ግን አልሸነፍም፤ «ዝም በል፣ ድምፅ ይሰማል» አልኩት።

ሚሊሻው ሰይድ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ሰይድ ቁም ነገረኛ ልጅ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከሰፈር ያልጠፋ ነው። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ መስኩን ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ ምራቁን ዋጠ።

«ይሄ የባለሙያ እጅ ነው» አለ። «ተራውን እዩት፣ እንዴት ቀጥ እንዳለ! ልዩነቱን እዩት፣ እኩል ነው! ሳሩ ተመልሷል፣ ተረግጧል፣ አፈር የወደቀበት የለም። ተራ ወታደር እንዲህ አድርጎ አይቀብርም። ይሄ ተምሮበታል።»

እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። እንደዚያ ፈርተን እንኳ ሥራው ጥሩ እንደሆነ አመንን።

«ምን ይሻላል?» አለች ዘሐራ።

«ኔትወርክ የለም፤ በባጃጅ ወልድያ ሰው ይላካል። ፈንጂ የሚያነሳ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም አይገባም።»

«መቼ ይመጣል?»

«እኛ ብቻ ነን እንዴ ያለነው፣ እናቴ? ሀገሩ ሁሉ ወረፋ ላይ ነው።»

«በሬውስ?» አልን እኔና ደምሴ እኩል።

ሰይድ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። በሬውን አየ፣ ከመስኩ ዳር ያሉትን ቤቶች አየ፣ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ችካሉ ቢነቀልና ቢደነብር ተራውን ሁሉ ይረግጠዋል። አንዱ ከተነሳ ሌላው ይከተላል። እነዚያ ቤቶች ውስጥ ሕፃናት አሉ። አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ከዚሁ ሆኜ ግንባሩን ማለት ነው። ነጩን ዒላማ አደርገዋለሁ፣ አይሰቃይም።»

ዘሐራ ቁጭ አለች። ጨዉ ከእጇ ፈሰሰ። ደምሴ ያን መሬት ላይ የወደቀ ቀንበር አንስቶ እንደ ሕፃን ታቀፈው። ሰይድ ያለው እውነት ነው፣ ሕፃናቱም እውነት ናቸው። እኔ ያንን በሬ ማሽላ ለማሽላ ስጎትት የከረምኩት ለዚህ ነው? በዚያ በክፉው ጊዜ ጥይት ያልነካውን፣ ጥይቱ ካለፈ በኋላ በገዛ ሰፈሬ ልጅ ሊመታ?

ደምሴ፣ «ቢያንስ ሥጋው…» ብሎ ጀመረ።

«የቱ ሥጋ?» አልኩት። «በጥይት የሞተ ለኔ ሐላል አይሆን። አንተስ የእስላም ሚሊሻ የተኮሰውን ትበላለህ?»

አሰበ። «አልበላም» አለ።

«በል ተወው። ሁለት ሃይማኖት የማይበላውን ሥጋ ምን ያደርጉታል?»

ሰይድ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ድምፁ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ያኔ ተነሳሁ። ተነስቼም አፈ ሙዙ ፊት ቆምኩ።

«አያ፣ ዞር ይበሉ።»

«አልዞርም። ገብቼ እፈታዋለሁ።»

«እብድ ነዎት?»

«ቅድም ስገባ ሳላውቅ ገባሁ፣ አልፈነዳም። አሁን ደግሞ አውቄ እገባለሁ።»

ይህን ብዬ ወደ መስኩ ተራመድኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ያለ በሬ የሚመጣውን በልግ ሳስበው ፈንጂው ቀሎኝ ነው። ዘሐራ ከኋላዬ ዘልላ ሽርጤን ያዘች። እኔ ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ኋላ። «ልቀቂኝ!» «አለቅም! መሞት ከፈለጉ ቤት ገብተው ይሙቱ!» እኔ በእልህ ወደ ፊት ስገፋ ሽርጤ ከሷ ጋር ቀረ። አንባቢ ሆይ፣ ፈንጂ የማይመልሰውን ሰው ሽርጥ ይመልሰዋል። ሰፈሩ ሙሉ ሰው እያየኝ በሸሚዝ ብቻ መሞት አልፈለግኩም። ጎንበስ ብዬ ተመለስኩ፣ ሰይድም ለክብሬ ሲል ፊቱን አዞረ።

ሽርጤን ሳገለድም ነው ማዶ፣ በወንዙ በኩል፣ ሰው ብቅ ያለው።

ሙሔ ነው። የጎረቤታችን የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ፣ አዲስ አበባ የሚሠራ፣ ራሱም የልጆች አባት የሆነ ሰው። መንገዱ እንደተከፈተ እናቱን ሊያይ በመጀመሪያው መኪና የመጣ ነው። ትከሻው ላይ ጫፉ ቆልመም ያለ ብረት ያለው ቀጭን ዘንግ አድርጎ፣ እያፏጨ፣ መስኩ ውስጥ ገባ።

«ቁም!» አለ ሰይድ። «ቁም! ቁም!» አልን ሁላችን፣ ወዲያውም በሆዳችን ተኛን።

ሙሔ እጁን አውለበለበልን። የጠራነው ለሰላምታ መስሎታል። «አሰላሙ ዐለይኩም!» አለ።

ሰላምታ ሳይመለስ አይቀርም። እኔም በሆዴ እንደተኛሁ፣ «ወዐለይኩም ሰላም! አትርገጥ!» አልኩት።

ረገጠ። አንዱን ረገጠ፣ ሁለተኛውን ረገጠ። ቦራ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ መሬቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ቀና ሲል ፊቱ ተቆጥቷል።

«ማነው በሬ ያሰረበት?» አለ። «ገና ሥሩን ሳይዝ!»

ሰይድ ተንበርክኮ ጠመንጃውን ወደ ሙሔ አዞረ። «እጅ ወደ ላይ!»

ሙሔ እጁን ከነዘንጉ ሰቀለ።

«አንተ ነህ የቀበርከው?»

«ምኑን?»

«ከሥርህ ያለውን!»

«ኧረ እኔ ምንም አልቀበርኩም! ገሸለጥኩና መለስኩት እንጂ!»

«ምን ልታደርግ ገሸለጥከው?»

«ጎልፍ ስለማመድ ነዋ!»

እኔ አላመንኩም። ሰው የተናገረውን ወዲያው ማመን ልማዴ አይደለም። «አንሳውና አሳየን!» አልኩት። ሙሔም ጎንበስ ብሎ ያችን መዳፍ የምታክል ሳር እንደ ድስት ክዳን ብድግ አደረጋት። ሁላችንም እንደገና ግንባራችንን መሬት አስነካን። ዘሐራ ብቻ ቆማ ቀረች።

«ተኚ!» አልኳት።

«ሰለቸኝ» አለች። ከዚያ በእግሯ ሄዳ፣ ከሙሔ አጠገብ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ አየች። «አፈር ነው» አለች ወደኛ ዞራ። «አንዲት ትልም አለች። እሷም ፈርታለች።»

እንዴት እንደተነሳን አላውቅም። የሚስቅ አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ ደምሴ ሁለቱንም እያደረገ ያማትብ ነበር። እኔ በቀጥታ ወደ ቦራ ሄጄ አንገቱን አቀፍኩት። ቦራ ሽርጤን ቀመስ አደረገና ተወው።

ሙሔም አስረዳን። አዲስ አበባ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ሳር ጠባቂ ነው። ትንሽ ነጭ ኳስ በዚያ ዘንግ ይመታሉ። ብረቱ ኳሷን ሲመታ ሳሩንም ከነሥሩ ይዞ ይነሳል።

«ባለጌ ተጫዋች ገሽልጦ ጥሎ ይሄዳል» አለ። «ጨዋው ግን አንስቶ በቦታው ይመልሰዋል፣ በጫማው ይረግጠዋል፤ ከተመለሰ በቶሎ ሥር ይይዛል። ልምምድ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ ተገትሮ አይደጋግምም። እየመታ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ በመሃል ሳር እየተወ፣ በመስመር። ትናንት የመታበትን ዛሬ አይነካም፣ እንዲያርፍ ይተወዋል። እርጥብ ሲሆን ጭራሽ አይገባበትም።»

ይህን ስሰማ ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ። የኔ ሕግ እኮ ነው! ችካሌን በየቀኑ የምቀይረው ለምን ሆነና! በምድር ላይ ይህን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስኮራ፣ ለካ ለጨዋታ ብለው የሚያደርጉት ሰዎች አሉ።

ደምሴ ግን ዓይኑን እየጠረገ ለሁላችን የሚሆነውን ተናገረ። «ሙሔ፣ ወንድሜ፣ ለአንድ ሰሞን እንኳ ባለጌ ብትሆን ምን ነበረበት? ቦጫጭቀህ ጥለኸው ብትሄድ ከርከሮ ነው ብለን በሰላም እንውል ነበር። ጨዋነትህ ሊፈጀን!»

«ታዲያ ለምን ተደብቀህ ትለማመዳለህ?» አለው ሰይድ፣ ጥይቱን ከጠመንጃው እያወጣ።

ሙሔ ዘንጉን አየ። «ሰው ሁሉ ሐዘን ላይ ነው። ሀገር እንዲህ ሆኖ እሱ ይጫወታል እንዳልባል፣ ሰው ሳይነሳ በማለዳ እመጣለሁ። ዛሬ ብቻ እናቴን ትንሽ አሟት ስለነበር አረፈድኩ። መንገዱ ዝግ በነበረ ጊዜ ትኑር አትኑር ሳላውቅ ነው የከረምኩት። መጥቼ ካገኘኋት ጀምሮ እጄ አልረጋም ብሎኛል። ይህን ስመታ ይረጋልኛል።»

ዘሐራ ወደሱ ጠጋ አለች። «በል ምታና እንየው» አለችው። «ይህን ሁሉ በሆዳችን ያስተኛን ነገር ሳናየው አንሄድም።»

ሙሔ ከኪሱ ነጭ ኳስ አውጥቶ ሳሩ ላይ አስቀመጠ። እግሩን አስተካከለ። ዘንጉን ወደ ኋላ አነሳ፣ አወረደው። ጧ! ኳሷ ከራሳችን በላይ ወጣች፣ ሰማዩ ውስጥ ነጠብጣብ ሆነች፣ ወንዙን ተሻግራ ወረደች። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን በዓይናችን ሸኘናት። ከላያችን የሚበር ነገር ሰምተን ሳንተኛ ስንቀር፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ መሆኑን እንጃ። ደምሴም ይህንኑ ያሰበ መሰለኝ፤ እርስ በርስ ተያየንና ፈገግ አልን።

እኔ ግን ሰው የሠራውን አይቼ ዝም የምል አይደለሁም። «አምጣው» አልኩት ዘንጉን። «አያ፣ ቀስ ብለው…» «አታስተምረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መጥረቢያ ይዤ የኖርኩ ነኝ።» ሌላ ኳስ አስቀመጠልኝ። ግንድ እንደሚፈልጥ ሰው ከላይ አውርጄ አሳረፍኩት። ኳሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም። የተነሳው ሳሩ ነው፤ የአህያ ኮርቻ የሚያክል ሳር ከነአፈሩ ተገንጥሎ በረረና የሰይድ ቆብ ላይ አረፈ።

ሙሔ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «አያ፣ ይመልሱት» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«የገሸለጡትን ይመልሱት። ደንቡ ነው።»

የመስኩን ሕግ ያወጣሁት እኔ፣ በመስኬ ላይ ሕግ ተነገረኝ! ሰፈሩ ያየኛል። ሳሩን ከሰይድ ራስ ላይ ተቀበልኩ፣ ተንበረከክኩ፣ ልኩን እያዟዟርኩ ፈልጌ ጉድጓዱ ላይ መለስኩት።

ዘሐራ ሳቋ አላስቆም አላት። «ያ ረቢ! ካገቡኝ ጀምሮ የወሰዱትን ዕቃ ወደ ቦታው ሲመልሱ ያየሁት ዛሬ ነው! ሙሔ፣ የኔ ልጅ፣ ወደ አዲስ አበባ አትሂድብኝ!»

ተነስቼ ረገጥኩት። ደምሴ «በደንብ አልያዘም» ብሎ እሱም መጥቶ ረገጠ። ሙሔ፣ ቦራ ያነቃነቃቸውን ሌሎቹንም ረግጦ ማጥበቅ ነው የሚሻለው አለ። እና ምን ልበላችሁ፣ ጠዋት አንዲት ጣት ለማሳረፍ የፈራንበትን መስክ ሰፈሩ ሁሉ በተራ በተራው ቆሞ ይረግጠው ጀመር። ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ሽማግሌው በምርኩዙ እየወቃ፣ እንደ ሰርግ ጨፋሪ። ከሁሉ አጥብቆ የሚረግጠው ሰይድ ነበር፤ ጠመንጃውን እንኳ ዛፍ ላይ ሰቅሎት።

ቦራ ብቻ አልረገጠም። ደምሴ ቀንበሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲለካው እሱ ይግጥ ነበር። እኔም ተውኩት፤ ነገ እርሻ አለበት።